ከነሐሴ እስከ ኅዳር፦ የጓሮ አትክልት በደሴና በኮምቦልቻ

ክረምቱ ሲጋመስ ብዙ ሰው ጓሮውን ይተወዋል። ጭቃው ያሰለቻል፣ አረሙ ጉልበት ይደርሳል፣ የድንቹም ቅጠል መጥቆር ይጀምራል። «መስከረም ይጥባ» ይባላል። መስከረም ይጠባል፣ መስቀልም ያልፋል፣ ዘር የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ግን ዝናቡ ሄዷል። የቧንቧ ውሃም እንደልብ አይገኝም። ጠዋት ማታ ጀሪካን እየተሸከሙ አትክልት ማሳደግ ደግሞ ማንንም ያማርራል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ ጓሮ ወሳኙ ወር ነሐሴ ነው። በነሐሴ የተዘራ በዝናብ ይበቅላል። ዝናቡ ሲያቆም ሥሩ ጠልቆ ስለሚቆይ፣ አፈር ውስጥ የቀረውን እርጥበት ይጠጣል። እናንተ የምትጨምሩት ውሃ ለድጋፍ ያህል ብቻ ይሆናል።

ሥራው በሙሉ የሚዞረው በውሃ ዙሪያ ነው። በነሐሴ ውሃ ከመደቡ እንዲወጣ ትደክማላችሁ። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ እንዳይወጣ ትደክማላችሁ። ይህን ተራ ያልሳተ ሰው እስከ ኅዳር፣ ከዚያም አልፎ ከጓሮው ይበላል።

ደሴ ሌላ፣ ኮምቦልቻ ሌላ

ሁለቱ ከተሞች በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። ከፍታቸው ግን ይለያያል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ሙቀት በየ100 ሜትር ከፍታ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ደሴ በአማካይ ከኮምቦልቻ 4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች ማለት ነው።

4 ዲግሪ ለሰው ሹራብ መደረብ ነው። ለአትክልት ግን ብዙ ነገር ይለውጣል። ኮምቦልቻ ላይ በ50 ቀን የሚደርስ ፎሶሊያ ደሴ ላይ ይዘገያል። ቲማቲም በደሴ ክረምት ሜዳ ላይ በሕይወት መቆየቱ ራሱ ያጠራጥራል። በተቃራኒው ካሮት፣ ጥቅል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት የደሴን ቅዝቃዜ ይወዳሉ። ኮምቦልቻ ላይ በደንብ የሆነለት ዘመድ «እንዲህ አድርጉ» ቢላችሁ፣ በቀኑም በዘሩም ላይ ማስተካከያ አድርጉበት።

መጀመሪያ፦ ጓሮውን በዝናብ ጊዜ ማየት

ከባድ ዝናብ እንዳባራ ጃንጥላ ይዛችሁ ወደ ጓሮ ውጡ። ውሃው የት ተኝቷል? ከጣራ የሚወርደው የት ያርፋል? ከጎረቤት ግቢ የሚገባው በየት በኩል ነው? ውሃ ከአንድ ሰዓት በላይ ተኝቶበት የሚቆይ ቦታ ላይ ካሮትም ሽንኩርትም አይሆንም። እዚያ ቦይ ቅደዱ፤ ካልተቻለ ለኮምፖስት ጉድጓድ ሳይሆን ለኮምፖስት ክምር ተዉት፤ ጉድጓድ ውሃ ይሞላዋል።

ቀጥሎ ፀሐይ ነው። ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ለሥራ ሥርና ለፍሬ አትክልት ይሁን። ግማሽ ቀን ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ለቆስጣ፣ ለሰላጣና ለድንብላል ይበቃል።

ደሴ ላይ፣ በተለይ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ብዙው ግቢ ተዳፋት ነው። መደቡን ቁልቁል አትዘርጉት። አግድም፣ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሁን። በታችኛው በኩል ድንጋይ ደርድሩ። እርከን መሆኑ ነው። አለበለዚያ አንድ የነሐሴ ዶፍ ፍጉንም ዘሩንም ጠርጎ ይወስደዋል።

መደብ አሠራር

ለመቆፈር ከመነሳታችሁ በፊት አንድ እፍኝ አፈር ጨብጡ። ስትለቁት ተጣብቆ የሚያብረቀርቅ ድብልብል ከሆነ፣ ዶማውን መልሱ። እርጥብ ዋልካ የቆፈረ ሰው በመስከረም ሸክላ ነው የሚያገኘው። አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ጨብጣችሁት በአውራ ጣት ስትነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ተነሱ።

መደቡ ወርዱ 1 ሜትር ይሁን፣ ቢበዛ 1 ሜትር ከ20። ከሁለቱም በኩል እጅ ሲዘረጋ መሀሉ ላይ መድረስ አለበት፤ መደብ ላይ አይቆምም። ርዝመቱ እንደ ግቢያችሁ ነው። ከፍታው 20 ሴንቲ ሜትር። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ 25 አድርሱት። በመደቦች መካከል 40 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ተዉ። መተላለፊያው ክረምቱን ሙሉ ቦይ ሆኖ ያገለግላል፤ ስለዚህ ወደ አንድ በኩል ትንሽ ዘንበል እንዲል አድርጉ።

በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ትልቅ ባልዲ ሙሉ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት አልብሱና ከላይኛው 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ቀላቅሉ። የተብላላ ስል፣ ሽታው የጠፋ፣ ጭዱ የማይለይ ማለቴ ነው። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላል። ካሮት ደግሞ ትኩስ ፍግ ባለበት መደብ ላይ ሁለትና ሦስት እግር አውጥቶ ይቀራል።

ኮምፖስት ለሌለው ሰው፣ ዛሬ መጀመር ለየካቲት ይደርስለታል። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የታጨደ አረም ዘር ሳይቋጥር፣ ደረቅ ቅጠልና ትንሽ አፈር እየደራረባችሁ ከምሩ። በዝናብ ጊዜ ሸራ አልብሱት። የከሰል አመድ በትንሹ ይገባል። የታመመ የድንች ቅጠል ግን በጭራሽ አይገባም።

ተከራይ ሆናችሁ መሬት ከሌላችሁ በአሮጌ ባልዲ፣ በተቀደደ ጀሪካንና በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያና ባሮ ሽንኩርት ያድጋሉ። ከታች መብሳት አይረሳ።

በነሐሴ ምን ይገባል?

ደሴ ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 20 ባለው ጊዜ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ቆስጣና ሰላጣ በቀጥታ መደብ ላይ ዝሩ። በሐምሌ ያፈላችሁት የሀበሻ ጎመንና የጥቅል ጎመን ችግኝ ካለም አሁን ይተከላል። ችግኝ ከሌላችሁ ሰኞ ገበያ ሂዱና ጠይቁ። አጭር፣ ወፍራም ግንድ ያለውን ምረጡ። ቁመቱ የረዘመና የገረጣ ችግኝ ተጨናንቆ ያደገ ነው፤ ቢረክስም ይቅርባችሁ።

የካሮቱን ቀን አብረን እንቁጠር። ነሐሴ 10 የተዘራ ካሮት በ100 ቀኑ ኅዳር 15 ይሆናል። ነሐሴ 20 ቀን ይቀረዋል፣ ጳጉሜ 5፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 30፣ ከኅዳር 15። የመጀመሪያው 40 ቀን ዝናብ አለው፤ የቀረው በእርጥበትና በድጋፍ ውሃ ነው። መስከረም 10 ብትዘሩት ግን ወደ 95 የሚጠጋውን ቀን እናንተ ልታጠጡት ነው። ይህ ስሌት ነው ነሐሴን ወሳኝ የሚያደርገው።

ኮምቦልቻ ላይ ቆስጣና ሰላጣ በዚሁ ጊዜ ይዘራሉ። ውሃ የማይተኛበት መደብ ካላችሁ፣ ከነሐሴ 20 ወዲህ ፎሶሊያና ዝኩኒ ዝሩ። የቲማቲም ችግኝ በነሐሴ አጋማሽ በላስቲክ ጥላ ሥር ይፈላና መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆም ወደ መደብ ይዛወራል። ፍሬው በኅዳር መጨረሻ መቅላት ይጀምራል። በሐምሌ ሜዳ ላይ የተተከለ ቲማቲም ግን ለበሽታ ነው የሚተከለው። የሽንኩርት ዘርም በነሐሴ መጨረሻ ይፈላል፤ ከ45 እስከ 55 ቀን መደብ ላይ ቆይቶ በጥቅምት ይዛወራል።

ዘር ስትገዙ የታሸገበትን ቀን እዩ። የሽንኩርት ዘር ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ብዙ አይበቅልም። በየሱቁ የምታገኟቸው የተለመዱት ዝርያዎች ለካሮት ናንትስ፣ ለጥቅል ጎመን ኮፐንሀገን ማርኬት፣ ለቆስጣ ፎርድሁክ ጃይንት፣ ለሽንኩርት ቦምቤይ ሬድ ናቸው። ለጀማሪ ይበቃሉ።

አዘራር፦ ካሮትን በደንብ እንየው

ካሮትን በደንብ የዘራ ሰው ሌላው አይከብደውም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ።

የመደቡን ላይ በእጅ አለስልሱት። ጓል ካለ ፍጩት፣ ጠጠር ካለ ልቀሙት። በጣት ወይም በእንጨት በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት 1 ሴንቲ ሜትር የጠለቁ መስመሮች አውጡ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘር ከአንድ ኩባያ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉ። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ፣ ያለ አሸዋ አንድ ቦታ ይከመራል፣ ሌላው ቦታ ባዶ ይቀራል። ድብልቁን በሦስት ጣት ቆንጥራችሁ መስመሩ ውስጥ በቀጭኑ አንጠባጥቡ። በደቃቅ ኮምፖስት ሸፍኑት፣ ከዚያ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉት።

አሁን ስስ ጭድ አልብሱበት። የነሐሴ ዝናብ ጠብታ ከባድ ነው። ባዶ አፈር ሲመታ ላዩን ይለስነውና ሲደርቅ ቅርፊት ይሆናል፤ ለጋው ቡቃያ ያንን መስበር አይችልም። ካሮት ለመብቀል ከ10 እስከ 15 ቀን ይፈጅበታል። ከ8ኛው ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጭዱን ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ። አረንጓዴ ክር መሳይ ነገር እንዳያችሁ ጭዱን በሙሉ አንሱ፤ አንድ ቀን ከዘገያችሁ ቡቃያው ጭዱ ውስጥ ይጣመማል።

ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አሳሱት። በካሮቶች መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ይቅር። ሰው እዚህ ላይ ይሳሳል፤ የበቀለውን መንቀል ያሳዝነዋል። ያልሳሳ ካሮት ግን እርስ በርሱ ተጠማዞ የእርሳስ ያህል ቀጥኖ ይቀራል። ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲለሰልስ፣ አንዱን እጅ በሚቀረው ላይ ጫን አድርጋችሁ በሌላው ንቀሉ።

ቀይ ስርና ቆስጣ ቀላል ናቸው። ዘራቸውን ማታ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ጠዋት በ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ዝሩ። አንዱ «ዘር» ብዙውን ጊዜ የዘሮች ጥምር ስለሆነ ሦስትና አራት ሆኖ ይበቅላል። አንዱን አስቀሩ። የቀይ ስር ርቀት 10፣ የቆስጣ 25 ሴንቲ ሜትር። ከቆስጣው የነቀላችሁትን ሌላ ቦታ ትከሉት፣ ይይዛል።

ጥቅል ጎመን በ45 ሴንቲ ሜትር፣ የሀበሻ ጎመን በ40 ሴንቲ ሜትር ይተከላል። ሲቀራረብ ቅጠሉ አየር አያገኝም። ችግኝ የምትተክሉት ደመናማ ከሰዓት ላይ ነው፣ ከ10 ሰዓት በኋላ።

የክረምቱ ጠላቶች

በነሐሴ ትልቁ ሌባ ማታ ነው የሚመጣው። ቀንድ አውጣና ቅርፊት የሌለው ዘመዱ በአንድ ሌሊት አንድ መስመር ሰላጣ ይጨርሳሉ። የሚያብረቀርቅ ልጋግ ካያችሁ እነሱ ናቸው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በስልካችሁ መብራት እያያችሁ ልቀሟቸው፣ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቷቸው። ሦስትና አራት ምሽት ከለቀማችሁ ልዩነቱን ታያላችሁ። በመደቡ ዳር እርጥብ ካርቶን ብታነጥፉም ጠዋት ከሥሩ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ። አመድ መነስነስ ጥሩ ነው ይባላል፤ አንዴ ከዘነበበት ግን ዋጋ የለውም።

የድንችና የቲማቲም ቅጠል ዳሩ ውሃ እንደነካው ሆኖ ሲጠቁርና ከሥሩ ነጭ ሻጋታ ሲታይ፣ ብዙ ሰው «ምች መታው» ይላል። ባለሙያዎች ሌት ብላይት ይሉታል። ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገናኙለት በሳምንት ውስጥ ሙሉ መደብ ያወድማል። የታመመውን ቅጠል በደረቅ ሰዓት ቆርጣችሁ በፌስታል አውጡ። ከቅጠሉ ግማሽ ያህሉ ከጠቆረ ግን አትሟገቱት፤ ግንዱን በሙሉ ከመሬት ቆርጣችሁ አስወግዱ። ድንቹን 2 ሳምንት አፈር ውስጥ አቆዩት። ወዲያው ብትቆፍሩት፣ ከቅጠሉ የሚራገፈው በሽታ ድንቹን ነክቶት ጎተራ ውስጥ ይበሰብሳል። በሚቀጥለው ዓመት ዘር ስትመርጡ ጉደኔ ወይም በለጠ ዝርያ ጠይቁ፤ በሽታውን የተሻለ ይቋቋማሉ።

ክሽክሽ የሚመጣው ዝናቡ ጋብ ሲል ነው። የጎመን ቅጠል ገልብጡ፤ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ ነገር ካለ እሱ ነው። ጥቂት ከሆነ በጣት ጨፍልቁት። ከበዛ፣ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ የቅጠሉን ሥር እርጩ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሲበርድ። በማግስቱ በንጹህ ውሃ እጠቡት። እቤት ለሚበላ ቅጠላ ቅጠል የሱቅ መድኃኒት መርጨት እኔ አልመክርም። ጠዋት የተረጨ ጎመን ማታ ድስት ውስጥ እንዳይገባ የሚጠብቅ ሰው ሁሌ ቤት ውስጥ የለም።

በረዶ ደግሞ አይቀርም፣ በተለይ ደሴ። በየመደቡ ዳር አራት እንጨት ቀድማችሁ ትከሉ። ሰማዩ ሲጠቁር ጆንያ ወይም ሸራ ጣል ማድረግ አንድ ደቂቃ ነው የሚወስደው። በረዶ የቀደደውን ቆስጣ ግን አትንቀሉት፤ የተቀደደውን ቅጠል ቁረጡ፣ በ2 ሳምንት አዲስ ያወጣል።

መስከረም፦ ውሃን ማቆየት

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ዝናቡ ግን በእኛ አገር እስከ መስከረም አጋማሽ ይዘልቃል። ስለዚህ ቦዩን ለመድፈን አትቸኩሉ። ሦስት አራት ቀን ሳይዘንብ ሲቀርና ጠዋት ሰማዩ ጥርት ሲል ሥራችሁን ቀይሩ።

መጀመሪያ ኮትኩቱ። ላዩን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ፣ በቀስታ። ቅርፊቱ ሲሰበር ከታች ወደ ላይ የሚወጣው እርጥበት ይቋረጣል። አረሙንም በዚያው አንሱ፤ የቀረውን ውሃ የሚጠጣባችሁ እሱ ነው። ከዚያ ጉዝጓዝ አልብሱ። የጤፍ ጭድ፣ የደረቀ ሣር፣ የበቆሎ ቅጠል፣ ያገኛችሁትን። ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ። በነሐሴ ይህን ያህል ወፍራም ጉዝጓዝ ብታለብሱ ለቀንድ አውጣ ቤት መሥራት ነው፤ አሁን ግን ጉልበት የሚቆጥብላችሁ እሱ ነው። በመጨረሻ መተላለፊያዎቹን በየሁለት ሜትሩ በአፈር ድፈኑ፣ የመጨረሻው ዝናብ እዚያው ይስረግ።

የጣራ ውሃ አትናቁ። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ቤት በ5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል። አሸንዳ የሌለው ሰው ግማሽ የላስቲክ ቱቦ በሽቦ አንጠልጥሎ ይሠራል። በርሜሉ ይከደን፣ ትንኝ እንዳይራባበት፣ ሕፃንም እንዳይገባበት።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 4 ሊትር ያህል በቂ ነው። አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ለ5 ካሬ ሜትር። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ከማርጠብ፣ በየሁለት ቀኑ እጥፉን መስጠት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ለቲማቲምና ለዝኩኒ ታቹ የተቆረጠ፣ ክዳኑ የተበሳ ሃይላንድ ከጎናቸው ዘቅዝቃችሁ ቅበሩ። ውሃው በቀጥታ ሥሩ ጋ ይደርሳል፣ ቅጠሉም አይረጥብም።

የሩዝና የአትክልት እጣቢ ለጓሮ ይሆናል። የልብስ እጣቢ ለቅጠላ ቅጠል አይሆንም። ኮምቦልቻ ላይ ወንዝ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ አስቡበት፤ ቦርከና የሁለቱም ከተሞች ፍሳሽ የሚቀላቀልበት ወንዝ ነው። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣና ካሮት በዚያ ውሃ ባይጠጣ ይመረጣል።

አሰባሰብ

አትክልት የሚሰበሰበው ጠዋት ነው፣ ጤዛው እንደረገፈ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ቅጠሉ ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ጠንክሯል። ከሰዓት የተቆረጠ ሰላጣ እቤት ሳይገባ ይጠወልጋል።

የሀበሻ ጎመን ከታች ወደ ላይ ነው የሚቀነጠሰው። ቅጠሉን ከግንዱ የሚገናኝበት ቦታ ይዛችሁ ወደ ታችና ወደ ጎን ስትሰብሩት «ቀጭ» ብሎ ይለቃል። ጎትታችሁ ከላጣችሁት የግንዱን ቆዳ ይዞ ይመጣል፣ በዚያ በኩል በሽታ ይገባል። ከላይ 5 ወይም 6 ቅጠል ሁልጊዜ ይቅር። በየሳምንቱ እንዲህ የሚቀነጠስ ጎመን ለወራት ይሰጣል። በሰኔ የተተከለ ካላችሁ ለፍልሰታ ጾም ደርሶ፣ ለጥቅምት ክትፎም አጃቢ ይሆናል። ቆስጣም እንዲሁ ነው፦ የውጭዎቹን ብቻ ከሥራቸው ቁረጡ፣ ልቡን አትንኩ።

ሰላጣ መሀሉ መርዘም ከጀመረ አትጠብቁት፣ ይመራል። የዚያኑ ቀን ይበላ፣ ለጎረቤትም ይሰጥ።

ጥቅል ጎመን በዓይን አይታወቅም። በሁለት እጅ ጫን አድርጉት፤ ጠንካራ ከሆነ ደርሷል፣ ከለሰለሰ ይቆይ። የደረሰውን ዝናብ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ውሃው ከውስጥ ይገፋዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን መቁረጥ ካልፈለጋችሁ፣ ጭንቅላቱን ይዛችሁ ግማሽ ዙር ጠምዝዙት። ከሥሮቹ ጥቂቱ ይበጠሳል፣ ውሃ መሳብ ይቀንሳል፣ አንድ ሁለት ሳምንት ሳይሰነጠቅ ይቆያል። ስትቆርጡ የታችኞቹን ቅጠሎች ከነግንዱ ተዉ፤ ከጉቶው ትንንሽ ጥቅሎች ይወጣሉ።

ለካሮት፣ ከአፈር ብቅ ያለውን ትከሻውን እዩ። የአውራ ጣት ስፋት ከደረሰ ጀምሩ፣ ከትልቁ። ማታውን አጠጡት፣ ጠዋት ከጎኑ ዶማ አስገብታችሁ አፈሩን ከፍ አድርጉና ንቀሉ። በቅጠሉ ብቻ መጎተት ቅጠሉን እጃችሁ ላይ ያስቀራል። እንደነቀላችሁ ቅጠሉን ቁረጡት፤ አለበለዚያ ከካሮቱ ውሃ እየሳበ ያጠወልገዋል። ሁሉንም መንቀል የለባችሁም። በደሴ ብርድ ካሮት አፈር ውስጥ ቢቆይ አይጎዳም፣ እንዲያውም ይጣፍጣል። ቀይ ስር ግን ከቡጢ ሳይበልጥ ውሰዱት፣ ካለፈ እንጨት እንጨት ይላል።

በግንቦት ወይም በሰኔ የተተከለ ድንች ለመስከረምና ለጥቅምት ይደርሳል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ግንዱን ቆርጣችሁ ድንቹን 2 ሳምንት አፈር ውስጥ ተዉት፣ ቆዳው እንዲጠና። መድረሱን ለማወቅ አንዱን አውጡና በአውራ ጣት እሹት። ቆዳው ከተላጠ ሌላ ሳምንት ይቆይ። ካልተላጠ በደረቅ ቀን ቆፍሩ። ዶማውን ከግንዱ አንድ ስንዝር ተኩል አርቃችሁ አሳርፉ፤ በየመደቡ ድንች የሚቆራረጠው ዶማው ለግንዱ ሲቀርብ ነው። አትጠቡት። በጥላ፣ አየር ባለበት አናፍሱትና ጨለማ ውስጥ አስቀምጡት። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ሶላኒን የሚባል መርዝ ስለሚኖረው አይበላም። የቆሰለውን ለይታችሁ መጀመሪያ እሱን ብሉ።

ነጭ ሽንኩርት በደሴ ለጥቅምት ነው። ከታች 3 ወይም 4 ቅጠል ሲደርቅ፣ ላዩ ገና አረንጓዴ ሳለ ይነቀላል። በሙሉ እስኪደርቅ ከቆየ ፍንካቹ አፈር ውስጥ ይበታተናል። ከመንቀሉ በፊት 2 ሳምንት አታጠጡት። ከነቅጠሉ ጎንጉናችሁ ጥላና ነፋስ ባለበት ለ3 ሳምንት ስቀሉት።

ኮምቦልቻ ላይ ፎሶሊያና ዝኩኒ ጊዜ አይሰጡም። በየሁለት ቀኑ መልቀም ነው። ፎሶሊያው ሲሰበር «ጠቅ» ካለና ፍሬው ከውጭ ካልተወጣጠረ ለጋ ነው። ዝኩኒ አንድ ስንዝር ሲሆን ይቆረጥ። አንድ ትልቅ ዝኩኒ ተክሉ ላይ ከተረሳ ሌላ ማፍራቱን ያቆማል። ቃሪያም አረንጓዴውን በለቀማችሁ ቁጥር ይጨምራል። ዱባ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፦ እጀታው ሲደርቅና ቅርፊቱ በጥፍር አልበሳ ሲል፣ ከአንድ ጣት ርዝመት እጀታ ጋር ይቆረጥ። እጀታው የተገነጠለ ዱባ አይቆይም፤ ቶሎ ወጥ ይሁን።

ውርጭ

ደሴ ላይ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ውርጭ ሊጥል ይችላል። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፤ ስለዚህ ተዳፋት ላይ ካለ ጓሮ ይልቅ ሜዳ ላይ ያለው ቀድሞ ይመታል። በቆስጣ፣ በካሮትና በጎመን ላይ ብዙ ጉዳት የለውም። ድንችን፣ ፎሶሊያን፣ ዱባንና ቃሪያን በአንድ ሌሊት ያጠቁራቸዋል።

እንዲህ ያለ ሌሊት ሲጠበቅ በጠዋቱ መደቡን አጠጡ። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዝና ሌሊት ይለቀዋል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጆንያ ወይም አሮጌ ነጠላ በእንጨቶቹ ላይ ዘርጉ። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን አይንካ፤ የነካው ይቃጠላል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይነሳ። በረዶ የያዘውን ጎመን እስኪቀልጥ አትንኩት፤ ቀዝቅዞ ሳለ የተነካ ቅጠል ተሰብሮ ይጠቁራል።

ለበልግ ዘር ማስቀረት

ሳትበሉት የምታስቀሩትን በመኸሩ ቀን ለዩ፣ ከቆየ ትልቁ ትልቁ ድስት ውስጥ ይገባል። ነጭ ሽንኩርት ስታወርዱ ትልልቁንና ጤነኛውን ጭንቅላት ለዘር አስቀምጡ፤ ከትንሽ ፍንካች ትንሽ ነው የሚገኘው። ለድንች ዘር የዶሮ እንቁላል የሚያህለውን፣ በሽታ ካልነካው ተክል ምረጡ። የሚበላው ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ የዘሩ ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው፣ ብርሃንና አየር ያለበት ቦታ ላይ በአንድ ረድፍ ይደርደር። አረንጓዴ ይሆናል፣ ለመብል አይሆንም፤ ቡቃያው ግን አጭርና ወፍራም ሆኖ ይወጣል፣ ሲተከልም አይሰበርም። የድንብላልና የጎመን ዘር በወረቀት ጠቅልላችሁ ስሙንና ዓመቱን ጻፉበት፣ ምድጃ ከሌለበት ክፍል አኑሩት። የበልጉ ዝናብ በየካቲት ከመጣ የሚገባው እሱ ነው።